ያልተጻፈው የክፍል ሙቀት፦ የቡናማ ስብ ታሪክ ከመዛግብቱ

አዋቂ ሰው ሙቀት የሚያመነጭ ቡናማ ስብ በገላው ውስጥ እንዳለው የታወቀው በ2009 ነው የሚል አባባል በሕክምና መጻሕፍትም በጋዜጦችም ሲደጋገም እናገኘዋለን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባባሉ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ በዚያ ዓመት ስመ ጥሩው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት በአንድ እትም ሦስት ጥናቶችን ማውጣቱ እርግጥ ነው። ነገር ግን መዛግብቱን ወደ ኋላ ስንገልጥ፣ ያው ስብ በ1902 በሰው ፅንስ፣ በ1972 በአዋቂዎች አስከሬን፣ በ1981 በፊንላንድ የደጅ ሠራተኞች አንገት፣ በ2002 ደግሞ በዙሪክ ሆስፒታል የምርመራ ምስሎች ላይ ታይቶ ተጽፎ እናገኘዋለን። እንግዲህ ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ነገሩ መቼ ታየ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ደጋግሞ የታየው ነገር ለምን ሳይቆጠር ቀረ የሚለው ጭምር ነው። ምስክሮቹን ጎን ለጎን አቁመን ስንጠይቃቸው፣ እርስ በርስ የተቃረኑበት ምክንያት አንዳንዴ የመለኪያው ጉድለት ሆኖ እናገኘዋለን፤ ከዚያ ይልቅ ብዙ ጊዜ ግን ሙከራው የተደረገበት ክፍል ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር ማንም ከቁም ነገር አለመቁጠሩ ነው።

ከምስክሮቹ ሁሉ የሚቀድመው ሐኪሙና የተፈጥሮ ሊቁ ኮንራድ ጌስነር ነው። በ1551 ዙሪክ ላይ ባሳተመው የእንስሳት ታሪክ መጽሐፉ፣ በአልፕስ ተራሮች ጉድጓድ ቆፍሮ የብርዱን ወራት ተኝቶ የሚያሳልፈውን ማርሞት ሲገልጽ፣ በእንስሳው ትከሻዎች መካከል ስብ ነው ብሎ ለመጥራት የሚያስቸግር፣ ሥጋም ያልሆነ ነገር እንዳለ አመለከተ። በጌስነር ዘመን የሙቀት መለኪያም ማይክሮስኮፕም ገና አልተሠሩም ነበርና ከዚህ የበለጠ እንዲነግረን መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን መሣሪያ ኖሯቸውም አልተስማሙም። ገሚሶቹ የታይመስ ዕጢ ክፍል አደረጉት፤ ሌሎች ደም የሚሠራበት ቦታ ነው አሉ፤ ወደ ደም የሚረጩ ዕጢዎች የምርምር ሁሉ መነጋገሪያ በሆኑበት ዘመን ደግሞ የብርድ ወራት እንቅልፍን የሚያዝዝ ዕጢ ተባለ። ይህ የመጨረሻው አስተያየት እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ዘልቋል፤ በ1902 ጃፓናዊው ሺንኪሺ ሃታይ ሕብረ ሕዋሱ በሰው ፅንስ ውስጥም እንዳለ ሲያሳይ እንኳ የተጠቀመው ይህንኑ የእንቅልፍ ዕጢ ስም ነበር። የሃታይ ምስክርነት ለታሪካችን ትልቅ ክብደት አለው። ሰው የብርድ ወራትን ተኝቶ የሚያሳልፍ ፍጥረት አይደለምና፣ የእንቅልፍ ዕጢ የተባለው ነገር በሰው ፅንስ መገኘቱ ስያሜውን ብቻውን ሊያጠራጥር ይገባ ነበር። ያን ጊዜ ግን ጥርጣሬው ርቆ አልሄደም።

የሙቀት ጥናት በበኩሉ በሌላ መንገድ ሲጓዝ ቆይቷል፤ ሁለቱ መንገዶች ለመገናኘት ከመቶ ሰባ ዓመታት በላይ ፈጅቶባቸዋል። በ1782 እና በ1783 መካከል በነበረው ብርድ ላቮዋዚዬና ላፕላስ ፓሪስ ውስጥ አንድ ጊኒ ፒግ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አኑረው የሚቀልጠውን በረዶ መዘኑ፤ የእንስሳው ሙቀት የሚመነጨው ከትንፋሹ ጋር ከተያያዘ ዝግ ያለ ቃጠሎ መሆኑን የደመደሙት ከዚህ ነው። ቃጠሎው በየትኛው የገላ ክፍል እንደሚካሄድ ግን ልኬታቸው ሊነግራቸው አይችልም ነበር። የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ጀርመናውያን የፊዚዮሎጂ ሊቃውንት ጡንቻን መረጡ፤ ብርድ የመታው ሰው መንቀጥቀጡን ማንም ያያልና ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። በሚንቀጠቀጥ ጡንቻ የሚገኘው ሙቀት እውነትም ከፍተኛ ነው። ስሕተቱ የገባው በዓይን የሚታየው ምንጭ ብቸኛው ምንጭ ተደርጎ በተወሰደ ጊዜ ነው።

ይህ እምነት የተናወጠው በ1950ዎቹ ነው። ለሳምንታት በብርድ ክፍል የኖሩ አይጦች መጀመሪያ ሲንቀጠቀጡ ይሰነብታሉ፤ ከዚያ ብርዱ ሳይለወጥ መንቀጥቀጣቸውን ይተዋሉ፤ የሚያወጡት ሙቀት ግን አይቀንስም። ጡንቻን በሚያሽመደምደው ኩራሬ በተባለው መድኃኒት አይጦቹን መንቀሳቀስ ነስተው በሰው ሠራሽ ትንፋሽ ያቆዩ ተመራማሪዎች፣ ብርድ የለመዱት እንስሳት ያለ አንዳች የጡንቻ እንቅስቃሴ የኦክስጅን ፍጆታቸውን ከፍ እንደሚያደርጉ አረጋገጡ። በ1957 ሲዬና ካርልሰን ነርቮች የሚረጩት ኖርአድሬናሊን በመርፌ ሲሰጥ ያው ሙቀት እንደሚነሣ አሳዩ። ያለ መንቀጥቀጥ የሚመነጭ ሙቀት እንዳለ በዚህ ታወቀ፤ ትእዛዙን የሚያደርሰው ነርቭም ታወቀ። የትእዛዙ ተቀባይ ግን አልታወቀም፤ ጉበትም ጡንቻም በየደጋፊዎቻቸው ታጩ።

ዕጢ የተባለው ስብና ያለ መንቀጥቀጥ የሚነሣው ሙቀት በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጣመሩት በ1961 ነው። በካሊፎርኒያ ይሠራ የነበረው ሮበርት ስሚዝ፣ ብርድ በለመዱ አይጦች ዘንድ ቡናማው ስብ ራሱ ሙቀት አመንጪ መሆኑን በአጭር ጽሑፍ አስታወቀ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእንቅልፋቸው በሚነቁ እንስሳት ላይ የተደረጉ ልኬቶች አገዙት፤ የምትነቃ የሌሊት ወፍ ቡናማ ስብ ከሌላው ገላዋ ቀድሞ ሲሞቅ ተገኘ። በኦክስፎርድ ደግሞ ማይክል ዶኪንስና ዴቪድ ሃል በ1964 ፊታቸውን ወደ ተወላጅ ጥንቸል መለሱ። ምርጫው ብልህነት ነበር፤ አዲስ የተወለደ ጥንቸል ፀጉር የለውም፣ መንቀጥቀጥም አይችልበትም፣ ቡናማው ስብ ግን ከክብደቱ አምስት በመቶ ያህል ይሆናል። ሃልና አንድ ባልደረባው በተከታዩ ዓመት አብዛኛውን ቡናማ ስብ በቀዶ ሕክምና ሲያወጡ ጥንቸሉ ለብርድ የሚሰጠው ምላሽ እጅግ ተዳከመ። እስከዚያ ድረስ የነበረው ማስረጃ ሁሉ ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸውን የሚያሳይ ነበር፤ አንዱ ሲወገድ ሌላው እንደሚጠፋ ግልጽ አድርጎ ያሳየ ይህ ሙከራ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን ካሉት ምስክርነቶች ሁሉ ትልቁን ክብደት የምንሰጠው ለእርሱ ነው።

የሕፃናት ሐኪሞች ወዲያውኑ ማድመጣቸው አይደንቅም። ዊልያም ሲልቨርማን በ1958 ኒው ዮርክ ውስጥ የማሞቂያ ሣጥኑ ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ከፍ ሲል ያለ ቀናቸው ከተወለዱ ሕፃናት የሚተርፉት እንደሚበዙ አሳይቶ ነበርና ብርድ የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ያውቁታል። ሃል ከአኸርን ጋር ሆኖ የሰው ሕፃናትን አስከሬን ሲመረምር፣ በብርድ ተጎድተው የሞቱት የቡናማ ስባቸው ስንቅ ተሟጦ አገኘው። ሆኖም ቡናማ ስብ የሕፃን ነው የሚለው በኋላ ሥር የሰደደ አስተሳሰብ ከዚሁ መልካም ሥራ የበቀለ ይመስለናል። ሐኪሞቹ የፈለጉት በሕፃናት ላይ ነበር፤ ያገኙትም በሕፃናት ላይ ነው። በአዋቂ ላይ የለም የሚለው ግን የማንም ልኬት ውጤት አልነበረም፤ ካልተፈለገበት ቦታ ስላልተገኘ የለም ተባለ።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ከታወቀ በኋላ እንዴት እንደሚመጣ መጠየቅ ግድ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ የጨለመ ምዕራፍ ጣልቃ ይገባል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ የጥይት ፋብሪካዎች ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ዳይናይትሮፌኖል ከተባለው ፈንጂ ንጥረ ነገር ጋር በመነካካት ይከሱ፣ በላብ ይጠመቁ፣ አንዳንዶቹም በኃይለኛ ትኩሳት ይሞቱ ነበር። በ1933 የስታንፎርድ ሐኪሞች ይህንኑ ንጥረ ነገር ለማክሻ አቀረቡት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በራሳቸው ግምት ቢያንስ መቶ ሺህ ሰው ወሰደው፤ ዓይናቸው በሞራ የታወረና ገላቸው በሙቀት ተቃጥሎ የሞቱ ሰዎች ከተመዘገቡ በኋላ በ1938 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከገበያ እንዲጠፋ አደረገው። ምክንያቱን ሉሚስና ሊፕማን በ1948 ገለጡት፦ ንጥረ ነገሩ ምግብን በማቃጠልና ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ስንቅ በማምረት መካከል ያለውን ማያያዣ ይፈታል፤ ቃጠሎው ይቀጥላል፣ ስንቁ ግን አይመረትም፣ ኃይሉ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በሞቱት ሰዎች ገላ ውስጥ በመርዝ የተፈጸመውን ነገር ቡናማ ስብ በተፈጥሮው፣ በልክና በትእዛዝ እንደሚፈጽመው ያን ጊዜ ያሰበ ሰው እንደነበር የሚያመለክት ጽሑፍ አላጋጠመንም።

የስቶክሆልሙ የኦሎቭ ሊንድበሪ ቤተ ሙከራ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከቡናማ ስብ ሕዋሳት ውስጥ ምግብ የሚቃጠልባቸውን፣ ማይቶኮንድሪያ የተባሉትን የሕዋስ ክፍሎች ለይቶ ሲያወጣ፣ ማያያዣቸው የተፈታ ሆነው ተገኙ። የመጀመሪያው ጥርጣሬ በዝግጅቱ ላይ ወደቀ፤ ማይቶኮንድሪያው ሲወጣ ተጎድቶ ይሆናል ተባለ፤ ይህ ጥንቃቄ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ስብ አሲዶቹ ሲወገዱና ፑሪን ኑክሊዮታይዶች የተባሉት ንጥረ ነገሮች ሲጨመሩ ያው ማይቶኮንድሪያ እንደማንኛውም ጤናማ ማይቶኮንድሪያ ሠራ፤ የተጎዳ ነገር ደግሞ እንዲህ አይታረምም። ዴቪድ ኒኮልስ ከስቶክሆልም የተማረውን ይዞ በስኮትላንዷ ደንዲ ከአምስተርዳም ተመራማሪዎች ጋር ሲሠራ፣ ኑክሊዮታይዱ የሚያያዘው 32 ሺህ ዳልተን ከሚመዝን አንድ ፕሮቲን ጋር መሆኑን በ1978 አስታወቀ። ስለ ቅድሚያው ስንመዝን ግን ፈረንሳዮቹ ሪኪዬና ካዴር ብርድ በለመዱ አይጦች ዘንድ የሚበዛውን ያንኑ 32 ሺህ ዳልተን ፕሮቲን በ1976 ዓይተውት እንደነበር መዘንጋት የለብንም። እነዚያ መብዛቱን አዩ፤ እነዚህ ሥራውን አወቁ። በኋላ ዩሲፒ1 ተብሎ የጸናው ፕሮቲን ይኸው ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የፒተር ሚቸል የ1961 ሐሳብ ያስፈልጋል፤ ለብዙ ዓመታት ሲሞገት ቆይቶ ኖቤል የተሸለመውም በዚሁ በ1978 ነበር። ሚቸል እንዳለው፣ ማይቶኮንድሪያ ምግብ ሲያቃጥል ፕሮቶኖችን በውስጠኛው ሽፋኑ አሻግሮ ወደ ውጭ ያወጣል፤ እነርሱ ተመልሰው ሲገቡ የኤቲፒ መሥሪያውን ይዘውራሉ። ከወንዝ ተጠልፎ የውኃ ወፍጮ የሚያዞር ቦይ እናስብ፤ ዩሲፒ1 ከወፍጮው በላይ የተከፈተ ማፍሰሻ ነው፤ ውኃው ይወርዳል፣ መጁ ግን አይዞርም፤ የቁልቁለቱ ኃይል በሙሉ ሙቀት ይሆናል። ማፍሰሻውን የሚከፍተው ብርድ ነው። ቆዳ የተሰማውን ብርድ ሃይፖታላመስ ለተባለው የአንጎል ክፍል ያደርሳል፤ ከዚያ በሲምፓቴቲክ ነርቮች በኩል ኖርአድሬናሊን በየስብ ሕዋሱ ላይ ይረጫል፤ በሕዋሱ ውስጥ ያሉት የስብ ጠብታዎች ተሰባብረው ስብ አሲድ ይሆናሉ፤ ስብ አሲዱ በአንድ ጊዜ ማገዶም ቁልፍም ሆኖ ዩሲፒ1ን ይከፍታል። ነጭ ስብ በሕዋሱ ውስጥ አንድ ትልቅ ጠብታ ይዞ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ጎተራ ሲሆን፣ ቡናማው ጠብታዎቹ ደቃቅና ብዙ ናቸው፤ ቀለሙም ብረት ካዘሉት እጅግ የበዙ ማይቶኮንድሪያዎቹ ነው። የደም ሥሩም ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የሚያመነጨውን ሙቀት ተሸክሞ የሚያዳርሰው ደም ነውና።

ደሙን ካነሣን በመዛግብቱ ውስጥ ካሉት ተቃርኖዎች ይበልጥ አስተማሪ ወደምንለው እንመጣለን። በ1968 ያንስኪና ሃርት ብርድ በለመዱ አይጦች ገላ ውስጥ ደሙ ወዴት እንደሚበዛ ለማወቅ ጨረር አመንጪ ሩቢዲየም ተጠቀሙ፤ ውጤታቸው ጡንቻን ዋና፣ ቡናማ ስብን ኢምንት አደረገ። የስሚዝና የሃል ሥራ የሚያሳምን ቢሆንም፣ ይህ ልኬት ለአሥር ዓመት ያህል ጥያቄውን ዘጋው። በ1978 ፎስተርና ፍራይድማን በደም ሥር ውስጥ በሚቀሩ ደቃቅ እንክብሎች ያንኑ ሲለኩ ውጤቱ ተገለበጠ፤ ኖርአድሬናሊን በተሰጣቸው ብርድ የለመዱ አይጦች ዘንድ ልብ ከሚረጨው ደም ሲሶው ያህል ወደ ቡናማ ስብ ሲፈስ፣ ከተጨማሪው ሙቀትም ከግማሽ በላይ፣ 60 በመቶ ያህሉ፣ የእርሱ ድርሻ ሆኖ ተገኘ። ፎስተርና ፍራይድማን የቀደሙትን ሰዎች ስሕተት ናቸው ብለው አላለፉም፤ ሁለቱን መለኪያዎች በአንድ ዓይነት እንስሳ ላይ አነጻጽረው፣ ሩቢዲየሙ የደምን ፍሰት በትክክል እንደማይወክል አሳዩ። ሃርትም ፎስተርም በኦታዋ የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሰዎች ነበሩ፤ ስሕተቱና እርማቱ ከአንድ ተቋም መውጣታቸውን እኛ ለተቋሙ እንደ ክብር እንቆጥርለታለን።

ይህ ከሆነ በኋላ ጉዳዩ ከብርድ አልፎ ወደ ውፍረት ተሻገረ። በ1979 ለንደን ውስጥ ናንሲ ሮዝዌልና ማይክል ስቶክ ጣፋጭና ዓይነቱ የበዛ ምግብ የቀረበላቸው አይጦች ከልክ በላይ በልተው የሚጠበቅባቸውን ያህል እንደማይወፍሩ፣ ቡናማ ስባቸው ግን ብርድ እንደለመዱት እንስሳት እንደሚዳብር ጻፉ። ትርፉን ምግብ ቡናማው ስብ ያቃጥለዋል ማለት ነው። በ1983 አንድ መጽሔት የእነርሱን የድጋፍ ክርክርና የሄርቪና የቶቢንን የተቃውሞ ክርክር ጎን ለጎን አወጣ፤ ተቃዋሚዎቹ የኃይል ሒሳቡ ራሱ አልተጠበቀም፣ የተበላውና የወጣው በትክክል አልተመዘነም ይሉ ነበር። ዛሬ ሁለቱን ስናነብ የትኛውም ወገን ሞኝ እንዳልነበር እንገነዘባለን። ሮዝዌልና ስቶክ ስለ ሰው ያቀረቡት ስሌት፣ ማለትም 50 ግራም ያህል ቡናማ ስብ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ የአንድን ሰው የቀን ኃይል ወጪ አምስተኛ እጅ ሊሸፍን ይችላል የሚለው፣ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግን ቢሠራ የሚለው ቃል ተዘንግቶ ነው።

የዘር ምሕንድስና ሲመጣ ክርክሩ ይዘጋል ተብሎ ተጠብቆ ነበር፤ ይልቁንም ከፋ። በ1993 ቡናማ ስባቸው በመርዝ ዘረመል እንዲመናመን የተደረጉ አይጦች ወፈሩ። በ1997 ደግሞ ዩሲፒ1 እንዳይኖራቸው ሆነው የተፈጠሩ አይጦች ብርድ የማይችሉ ሆኑ እንጂ አልወፈሩም፤ እንዲያውም በ2003 በወጣ ሥራ የሰባ ምግብ እየበሉ ከጤነኞቹ ያነሰ ወፈሩ። ሙቀት አመንጪው ፕሮቲን የጠፋበት እንስሳ ኃይል ቆጥቦ መወፈር ሲገባው መክሳቱ የንድፈ ሐሳቡ መቃብር መስሎ ታየ። መፍቻው የቀረበው በ2009 ከስቶክሆልም፣ ከባርባራ ካነንና ከያን ኔደርጎርድ ቤተ ሙከራ ነው። ሰው በቀላል ልብስ የሚመቸው 20 ወይም 22 ዲግሪ ያለው ክፍል ለትንሿ አይጥ ብርድ ነው፤ ገላዋ ተጨማሪ ሙቀት ሳያመነጭ የሚያርፈው 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ በዓለም ያሉ የአይጥ ቤቶች ሁሉ ለጠባቂዎቹ እንዲመቹ ሲሞቁ ነዋሪዎቻቸውን ዘወትር ያበርዱ ነበር፤ ዩሲፒ1 የሌላቸውም አይጦች በመንቀጥቀጥና በሌላ ብዙ ወጪ በሚጠይቅ መንገድ ሲሞቁ ስባቸውን ጨረሱ። ክፍሉ 30 ዲግሪ ሲደረግ ያው አይጦች ወፈሩ። ይህን ፍቺ ውበቱ ብቻ እንዲያሳምነን አንፈቅድም፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች በ30 ዲግሪም ልዩነት ያላገኙባቸው ጊዜያት አሉና። ይሁን እንጂ የክፍሉ ሙቀት ሳይጻፍ የቀረበትን የቀድሞ ልኬት ሁሉ በጥርጣሬ እንድናነብ አስገድዶናል።

ስብ ኃይልን የሚያስተዳድረው በማቃጠል ብቻ እንዳልሆነም በአጭሩ እናንሣ። ገላ የስቡን መጠን የሚያውቅበት መልእክት ከስቡ ራሱ ይነሣል የሚለውን ግምት ኬኔዲ በ1953 አቅርቦት ነበር፤ ዳግላስ ኮልማን ያለ ልክ የሚወፍሩ አይጦችን ደም ከጤነኞች ደም ጋር በማያያዝ አጠናከረው፤ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ በ1994 ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን የሚያዝዘውን ዘረመል በማግኘት አረጋገጡት። ሌፕቲን የጎደላቸው አይጦች ከመወፈራቸውም ሌላ ብርድ አይችሉም፤ ስለዚህ ሌፕቲን ቡናማውን ስብ ያነድዳል ተብሎ ለብዙ ዓመት ተጻፈ። የስቶክሆልሞቹ ሰዎች በ2016 ይህንንም ተቃወሙ። በእነርሱ ልኬት ሌፕቲን ገላ የሚጠብቀውን የሙቀት ደረጃ ከፍ ያደርጋል፤ ይህንም የሚያደርገው አዲስ ሙቀት በማመንጨት ሳይሆን የሚባክነውን በመቀነስ ነው። ማስረጃው የሚያመዝነው ወደዚህ ይመስለናል።

አሁን ወደ ሰው እንመለስ። በ1972 ጂን ሂተን በተለያየ ዕድሜ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን መርምራ፣ ቡናማ ስብ ከልጅነት በኋላ ከገላ ዳር ዳሩን ቢጠፋም በአንገትና በጥልቅ የውስጥ ብልቶች ዙሪያ እስከ እርጅና እንደሚቆይ ጻፈች (በ1978ቱ የኒኮልስ ጽሑፍ ላይ የሚገኘው ሂተን የሚለው ስም የሌላ ሰው ነው፤ ሁለቱ በጥቅስ ሲደባለቁ ማየታችን ስላልቀረ እናሳስባለን)። በ1981 የፊንላንዶቹ ሁቱነንና ባልደረቦቹ በሰሜኑ ብርድ ከቤት ውጭ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች በአንገት የደም ሥሮቻቸው ዙሪያ ቡናማ ስብ እንዳላቸው አሳዩ። እነዚህ ምስክሮች ለምን ሳይሰሙ ቀሩ? ምክንያቱ ቸልተኝነት ብቻ አልነበረም። አስከሬን ላይ የታየ ሕዋስ በሕይወት ሳለ መሥራቱን አይመሰክርም፤ በሕይወት ባሉ ሰዎች ላይ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ሌላ ተናገረ። የኮፐንሃገኑ አስትሩፕ በ1985 ኤፌድሪን የተባለ መድኃኒት በተሰጣቸው ሰዎች ላይ ለክቶ ሙቀቱ በአብዛኛው የጡንቻ ነው አለ። የአስትሩፕ ልኬት ጥንቁቅ ነበር፤ ኤፌድሪን እንጂ ብርድ ግን አልተጠቀመም፤ ቡናማ ስብን የሚያስነሣውም ብርድ ነው።

ዓይን የከፈተው ከሌላ ሙያ የመጣ መሣሪያ ነው። ፔት የተባለው ምርመራ ጨረር የሚያወጣ ስኳር በደም ሥር ሰጥቶ ስኳሩ የተከማቸበትን በምስል ያሳያል፤ ዓላማው ስኳር የሚሻማን ነቀርሳ ማግኘት ነው። በ1990ዎቹ ሐኪሞች ከአንገት ሥር ግራና ቀኝ ተመጣጥኖ የሚበራ፣ ነቀርሳ ያልሆነ ነገር እያዩ ተቸገሩ። ጭንቀት የገባው በሽተኛ የሚያኮማትረው ጡንቻ ነው ብለው ዳያዜፓም ሰጡ፤ ብርሃኑም ብዙ ጊዜ ቀነሰ፤ የተሳሳተው ምክንያት ውጤታማ በሆነ መድኃኒት ተደገፈ ማለት ነው። በ2002 ሃኒና ባልደረቦቹ ፔትን ሲቲ ከተባለው የገላን ውስጥ ቅርጽ ከሚያሳይ ራጅ ጋር ባጣመረ መሣሪያ ቦታውን ሲለዩ የሚበራው ጡንቻው ሳይሆን ስቡ ሆኖ ተገኘ። ይህ የሆነው በዙሪክ ነው፤ በጌስነር ከተማ። ከዚያ የባልቲሞር ሐኪሞች ነገሩ በብርድ ወራት እንደሚበዛ ሲጽፉ፣ የጎደለው ነገሩን ከሙቀት ማመንጨት ጋር የሚያያይዘው የፊዚዮሎጂስቶች ዓይን ብቻ ነበር። እነዚህን የነቀርሳ ሐኪሞች ጽሑፎች ሰብስበው በ2007 ወደ ፊዚዮሎጂስቶች ያደረሱት ኔደርጎርድና ካነን ናቸው። ለአምስት ዓመት ሁለቱ ሙያዎች አንዱ የሌላውን መጽሔት ሳያነብ ኖረዋል።

የ2009ን ሦስት ጥናቶች እንግዲህ በቦታቸው ማስቀመጥ እንችላለን። የቦስተኖቹ 1,972 ሰዎች ለሌላ ምክንያት የተነሡትን 3,640 ምስሎች መርምረው ከሴቶች 7.5 በመቶ፣ ከወንዶች 3.1 በመቶ ዘንድ የሚታይ ቡናማ ስብ አገኙ። የማስትሪክቶቹ 24 ወንዶችን በ16 ዲግሪ ክፍል አስቀምጠው ከ23ቱ ዘንድ አገኙት፤ በ22 ዲግሪ ግን አልታየም። የፊንላንዷ ቱርኩ ተመራማሪዎች ከአምስት ሰዎች ላይ በፔት ካሳዩ በኋላ ከስቡ ናሙና ወስደው ዩሲፒ1 በውስጡ እንዳለ አረጋገጡ። ሦስት በመቶና ከዘጠና በላይ በመቶ ስለ አንድ የሰው ገላ የተሰጡ ቁጥሮች ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያስረዳው በአብዛኛው ክፍሉ ነው። የቦስተኖቹ ሰዎች አልበረዱም ነበር። በእኛ ሚዛን ከሦስቱ የሚበልጠው የቱርኩ ነው፤ ሰዎቹ አምስት ብቻ ቢሆኑም ምስሉንና ሕብረ ሕዋሱን በአንድ ሰው ላይ ያጣመረ እርሱ ስለሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ለታሪክ ጸሐፊ ገና ትኩስ ነውና በችኮላ አንፈርድበትም። በ2008 ቡናማው ስብ ከጡንቻ ጋር አንድ የትውልድ ሐረግ እንዳለው ታወቀ፤ በነጭ ስብ መካከል ብርድ ሲመጣ የሚነሡት ቡናማ መሰል ሕዋሳት ደግሞ የተለየ ዘር እንዳላቸው በ2012 ተጻፈ፤ በአዋቂ ሰው አንገት ያለው ከሁለቱ የትኛው ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል። በ2021 የኒው ዮርክ ተመራማሪዎች ከ52,000 በላይ የነቀርሳ ሕመምተኞችን ምስሎች መርምረው ቡናማ ስብ የታየባቸው አሥር በመቶ ያህል መሆናቸውን፣ የስኳርና የልብ ሕመምም በእነርሱ ዘንድ ማነሱን አስታወቁ። የምርመራው ስፋት አስደናቂ ነው። ነገር ግን ሰዎቹ እንዲበርዳቸው አልተደረገም፤ አሥር በመቶው ያላቸው ሳይሆኑ በዚያ ቀን በዚያ ክፍል የታየባቸው ናቸው፤ ስቡ ጤናን ያመጣ ወይስ ጤና ስቡን ያቆየ እንደሆነም ምስል አይናገርም።

በመድኃኒቱ በኩል ያለው መዝገብ ይበልጥ ያስጠነቅቃል። በ1984 የእንግሊዙ የቢቻም ኩባንያ ተመራማሪዎች የአይጥን ስብ የሚያነሣሣ፣ ልብን ግን የማይነካ የኖርአድሬናሊን ተቀባይ እንዳለ ጽፈው፣ በኋላ ቤታ 3 በተባለው በዚህ ተቀባይ ላይ ብዙ ተስፋ ተጣለ፤ አይጦችን ያከሱት መድኃኒቶች በሰው ላይ ተስፋውን አልሞሉትም። በ2015 ለሽንት ፊኛ የሚሰጠው ሚራቤግሮን በ200 ሚሊግራም፣ ማለትም ለፊኛ ከሚታዘዘው 50 ሚሊግራም አራት እጥፍ ሲሰጥ፣ የወጣት ወንዶችን ቡናማ ስብ በፔት አበራ፤ የልብ ምታቸውም ጨመረ። በ2020 ብሎንዲንና ባልደረቦቹ በሰው ቡናማ ስብ ውስጥ ትእዛዙን የሚቀበለው ቤታ 3 ሳይሆን ቤታ 2 ነው የሚል ማስረጃ አቀረቡ፤ ሌሎች ደግሞ በሰው የስብ ሕዋሳት ላይ ቤታ 3 አስፈላጊ መሆኑን ያሳየ ሥራ አላቸው። ቤታ 2 ልብና ሳንባ ውስጥም ያለ ተቀባይ ነውና፣ የብሎንዲን ወገን ከረታ በአይጥ ላይ የተቃኘው የሠላሳ ዓመት የመድኃኒት ፍለጋ የተጓዘው ወደ ሌላ በር ነበር ማለት ይሆናል።